ሠላሳ ሰባተኛዋ

ወደ ባቲ ወረድኩ፣ ሰኞ፣ በጥቅምት ወር፣
በሲሚንቶ መኪና፣ ከጆንያው በላይ፣ ከአቧራው ጋር።
አንገቴ ላይ ዜኒት፣ ኪሴ ውስጥ ደብዳቤ፤
ማኅተሙ ክብ፣ ሐምራዊ፣
"ትብብር ይደረግለት ዘንድ" የሚል፤
የቀረውን እንደ ልጅነት ዳዊቴ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጓድ አሰግድ ጠበቀኝ ከቀበሌው ደጅ፣
እስክሪብቶው በጆሮው፣ ደብተሩ በእጅ።
"ስንት ፎቶ ይወጣል ከአንድ ጥቅል ፊልም?"
"ሠላሳ ስድስት፣ ጓድ።"
"እንግዲያው በቁጥር ነው፤ አንድም አይባክንም።"

አንድ ብሎ ጻፈ፦ ኅብረት ሱቅ፣ ከነበሩ።
ሁለት፦ መሠረተ ትምህርት፣ ሰሌዳው፣ መምህሩ።
ሦስት፦ መፈክሩ።
አራትም መፈክሩ፣ ትንሽ ቀረብ ብሎ።
አምስት፦ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣
በተዋሰው ኮት ውስጥ ትከሻውን ሰቅሎ።

የእኔ ዓይን ግን ከዝርዝሩ ጎን ነው፦
አፋሩ የግመሉን ጆሮ ይዞ ሲመክረው፣
አሞሌ ሻጩ ጨው የበላው ጣቱን በምራቁ ሲያርሰው፣
ሁለት እህትማማች አንድ ኮንጎ ጫማ
ግራና ቀኙን ተካፍለው ሲለኩ፣
በአንድ አንድ እግራቸው እየዘለሉ ሲስቁ።
ጣቴ ይላወሳል።
ጓድ አሰግድ ያስላል።
"ይኼ ሰፊውን ሕዝብ ምን ያስተምራል?"

ሠላሳ ስድስት ሲሞላ ደብተሩን አጠፈ፣
ጥላ ፈልጎ ሻይ ቤት አረፈ።

የሙያችን ምስጢር ናት፤ ዛሬ ብናገርስ፦
ካሜራውን በቁጠባ፣ በጨለማ ላጎረሰ
ከሠላሳ ስድስት ወዲያ አንድ ትተርፋለች፣
ጥቅሉ ጫፍ ላይ፣ ማንም ሳይመዘግባት።

ከዋርካው ስር ጦይባ ይመር ኩራዝ ትሠራለች።
የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፣ በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን የመጣ፤
ትቆርጠዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ በከሰል ፍም ትበይደዋለች፣
የባዕዱ ፊደል እንደተዘቀዘቀ ይቀራል።
"ፎቶ ላንሳሽ?"
"ኩራዝ ትገዛለህ?"
"እገዛለሁ።"
"ቆይ እንግዲያ።"
እጇን በአመድ አሸች። ጥላሸቱ አልለቀቀም።
"አብሽር" አለችው ለገዛ እጇ።
ከዚያ በአግዳሚው ላይ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች፣
በስተቀኟ የአንድ ሰው ልክ ቦታ ተወች።

"ሰፋ አድርገህ አንሳ። እንድሪስ እዚህ ነበር የሚቀመጠው።
በስልሳ ዘጠኝ ሚሊሺያ ብለው ሰበሰቧቸው፤
ጠዋት ለላምባ ወጥቶ፣ ከሰዓት መኪና ላይ ነበር።
ፎቶ የለውም። ማን ጊዜ ሰጥቶን።"
መዶሻዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።
"ብርሃኑ ይበቃል?" አለችኝ፣ እንደ ባለሙያ።
"ይበቃል።"
ቀጭ።

አዲስ አበባ፣ በጨለማ ክፍል፣ በቀይ አምፖል ስር
ሠላሳ ስድስቱ ወጡ፣ ጥርት ብለው፣ ተሰልፈው።
መጽሔቱ አራተኛውን መረጠ፣
ቀረብ ያለውን።
ሠላሳ ሰባተኛዋ ግን ግማሿ ነጭ ናት።
ፊልሙ እዚያ ላይ አልቋል፤ ጫፉን ብርሃን በልቶታል።
ጦይባ በግራ፣ መዶሻዋ፣ የከሰሉ ጭስ፤
በቀኟ፣ እንድሪስ በሚቀመጥበት፣
ወረቀቱ ብቻ።

በሚያዝያ፣ በራሴ ገንዘብ፣ ያለ ደብዳቤ ተመለስኩ።
አበላሸሁብሽ ልላት በመንገድ ሁሉ ተለማምጃለሁ።
ወደ ፀሐይ አዞረቻት፣ ወደ ጥላ አዞረቻት፣
ነጩን ቦታ በአውራ ጣቷ ጠረገች፤
አሻራዋ መሃሉ ላይ ቀረ፣ ጥቁር፣ እንቁላል መሳይ፣
የሰው ፊት የሚያህል።
"እሱ ደግሞ" አለች፣
"መቼ ረግቶ ተቀምጦ ያውቃል!"
ጎረቤት ሁሉ እስኪዞር ሳቀች፤
ከዚያ ድንገት ዝም ብላ
ፎቶዋን ብር በምታስቀምጥበት ጣሳ ከተተቻት።

ሁለተኛ ኩራዝ ሰጠችኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብላ።
መብራት በጠፋ ቁጥር እለኩሰዋለሁ።
ይጨሳል።
ከበላዩ ያለው ግድግዳ ጠቁሯል፤
ባለቤቴ ቀለም እንቀባው ትላለች፣
እኔ ነገ እላለሁ።